ካረጡ በኋላ ወደ ታች የሚከብደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ካረጥኩ 5 ዓመት ሆነኝ። ብልቴ አካባቢ ወደ ታች ይከብደኛል፤ ሳስል ሽንት ያመልጠኛል። የሆርሞን ቅባት ያድነኛል?

መልስ፦ በከፊል። በብልት ግድግዳ፣ በሽንት ቧንቧና ማህፀንን በያዙት ጅማቶች የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ተቀባዮች፣ ማለትም ሆርሞኑን የሚቀበሉ የሕዋስ ክፍሎች፣ አሉ። ሆርሞኑ ሲቀንስ ተቀባዮቹ ሥራ ይፈታሉ፤ የደም ዝውውር ይቀንሳል፣ ግድግዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል። ማህፀኑ ወርዶ ወደ ታች እንዲከብድዎ ጅማቱን ቀድሞ የሚያላላው ግን ብዙውን ጊዜ ወሊድ ነው፤ ሁሉንም በማረጥ ማሳበብ አይገባም። ቅባቱ (በተለምዶ 2 ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት 2 ጊዜ) ድርቀትንና የሽንት ጥድፊያን ያሻሽላል፤ የወረደውን ማህፀን ወይም የብልት ግድግዳ ግን ወደ ቦታው አይመልስም። የሚዋጠው ኢስትሮጅን ደግሞ የሽንት ማምለጥን ሊያባብስ ይችላል። ሲያስሉ ለሚያመልጥዎ ሽንት የዳሌ ወለል ጡንቻን (ሽንት ለመያዝ የሚጨመቀውን) በአንድ ዙር 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር ያጥብቁ። ትንፋሽ ይዞ ወደ ታች መግፋት የተለመደ ስህተት ነው። ደም ካዩ ወይም የጡት ካንሰር ካጋጠመዎት ቅባቱን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።