ባቱ የኳሷን መንገድ ይከተል፦ ሶፍትቦል ማሰልጠን ለጀመራችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አድጋችሁ፣ በትምህርት ቤት ሶፍትቦል፣ ያን ኳሱ ከታች የሚወረወርበትን የቤዝቦል ዘመድ፣ ተጫውታችሁ፣ አሁን ደግሞ ታናናሾቻችሁን የምታሰለጥኑ ልጆች እየበዛችሁ ነው፤ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነትና በአሰልጣኝነት ስለገፋሁ ብዙ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ ኳሷን በባት፣ ማለትም በመምቻው ዱላ፣ ስለ መምታት ስለሆነ ዛሬ ስለ እሱ ብቻ ልጻፍላችሁ። ሌላውን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ያስተምሯችሁ።

ከሜዳው ዳር የሚጮኸውን ምክር ታውቁታላችሁ፤ «ከላይ ወደ ታች ምቺ!»፣ «ክርንሽን ከፍ!»። አንዳንዱ አባት በልጅነቱ በገና ዱላ መሬት ላይ ያለችውን ሩር ሲያሳድድ ያደገ ነው፤ ሐሳቡ ወደ መሬት ቢያደላ አይፈረድበትም። የሚገርመኝ ስንትና ስንት አሜሪካዊ አሰልጣኝም ይህንኑ ሲያስተምር መኖሩ ነው። የሶፍትቦል ፒቸር፣ ማለትም ወርዋሪዋ፣ ኳሷን የምትለቀው ከታች፣ ከዳሌዋ አጠገብ ስለሆነ ኳሷ ወደ ላይ እየወጣች ትደርሳለች፣ ስለዚህ ከላይ መመታት አለባት ይላሉ።

ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በኮሌጅ ጨዋታ ፒቸሯ የምትቆመው፣ መቺዋ አጠገቡ ከምትቆመው ከሆም ፕሌት 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ገደማ ርቃ ነው፤ ወደፊት ተራምዳ ስለምትለቅ ደግሞ ርቀቱ ያጥራል። በሰዓት 65 ማይል ከወረወረች ኳሷ በ0.4 ሴኮንድ አካባቢ ትደርሳለች። በዚያች አፍታ ውስጥ የመሬት ስበት ኳሷን፣ ቀጥ ብላ ብትሄድ ኖሮ ከምትደርስበት ቦታ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርጋታል። ከእጅ ስትወጣ ሽቅብ ብትሆንም፣ ፕሌቱ ጋ ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂቱ መውረድ ጀምራለች። ድሮፕ ቦል የሚባለው አወራወር ሲሆን ይበልጥ ትወርዳለች። ራይዝ ቦል የሚባለው ሲሆን ደግሞ በሽክርክሪቷ ምክንያት ዓይን ከጠበቀው ያነሰ ስለምትወርድ የዘለለች ትመስላለች።

እንግዲህ ባቱ ኳሷ በመጣችበት መስመር ላይ ቀደም ብሎ ይግባ፣ እዚያው መስመር ላይም ይቆይ። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ባት መስመሩን የሚያቋርጠው አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፤ ልጅቱ ትንሽ ከቀደመች ወይም ከዘገየች ኳሷን ልጧት ያልፋል። ከመስመሩ ጋር የሚሄድ ባት የያዘች የቀኝ መቺ ግን ብትዘገይ ወደ ራይት ፊልድ (ወደ ሜዳው ቀኝ)፣ ብትቀድም ወደ ሌፍት ፊልድ (ወደ ግራው) ትመታለች። ሰዓቷን ብትስትም ኳሷን አትስትም።

ይህ ማለት ምቱ በጥቂቱ ሽቅብ ይሄዳል ማለት ነው። ግን አደራ፣ «ወደ ላይ ምቺ» አትበሏት! ትከሻዋን ጥላ ኳሷን ሰማይ ላይ ትሰቅላታለች። መንገዱን የሚሠራው ሰውነቷ ነው፤ እናንተ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። የፊት እግሯ ተረከዝ መሬት ሲይዝ ዳሌዋ መዞር ይጀምራል፤ እጆቿ ግን ገና ትከሻዋ አጠገብ ናቸው። ቀጥሎ የኋላ ክርኗ ወደ ጎድኗ ይወርድና ባቱ ከኋላዋ ጋደም ይላል። ክርኑ መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከነበረ ይህን ሁሉ መንገድ መውረድ አለበት፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለዚያ ጊዜ የላትም። ባቱ ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት የላይኛው እጅ መዳፍ ወደ ሰማይ፣ የታችኛው ወደ መሬት ያያል። ስልካችሁ በሴኮንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ ያቺን ቅጽበት አቁማችሁ አሳይዋት፤ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይሻላል። የላይኛው እጅ ቀድሞ ከተገለበጠ ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፕ፣ በሜዳው ግራ በኩል ወደምትቆመው ተከላካይ፣ ስትንከባለል ታዩታላችሁ።

እጆቿ ከሰውነቷ ርቀው ባቱ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ ከሆነ፣ ከአጥር አንድ የባት ርዝመት አርቃችሁ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራችሁ አቁሟትና አጥሩን ሳትነካ ታወዛውዝ። ይህን ግን አታብዙት፤ ስታበዙት ልጅቱ እጇን ሰብስባ መቅረት ትለምዳለች።

ስለ ቲ፣ ለልምምድ ኳሷን ስለምናስቀምጥበት ቋሚ፣ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው ቲውን የሚያቆመው በልጅቱ ሆድ ትይዩ ነው፤ ያ ደግሞ የዘገየ ምት ማስተማር ነው። የመሃል ኳስ በፊት እግሯ ትይዩ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የምትመጣዋን ትንሽ ወደፊት፣ የውጪዋን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉ።

ቲ ብቻውን ግን መቺ አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ ጨዋታ የሶፍትቦል ፒቸሯ ጄኒ ፊንች አልበርት ፑሆልስንና ማይክ ፒያዛን የመሰሉ የቤዝቦል ኮከቦችን ኳሷን መምታት አቅቷቸው በስትራይክ አሰናብታለች። የእነሱን ምት ማንም አያማም። ዓይናቸው ግን የለመደው ከ60 ጫማ ርቀት፣ ከጭንቅላት በላይ የሚወረወረውን ኳስ ነበር። ስለዚህ በየልምምዱ ከመረብ ጀርባ ሆናችሁ፣ ከቅርብ፣ እጃችሁን ከታች አድርጋችሁ ወርውሩላት።

ወላጆች ስለ ባት ይጠይቋችኋል። 400 ዶላር ያወጣ ባት ከከበዳት ምንም አይሠራላትም፤ በአንድ እጇ ወደ ጎን ዘርግታ ለጥቂት ጊዜ መያዝ ካቃታት ቀለል ያለ ይግዙላት። ገንዘቡ ከተረፋቸው ቲና መረብ ይግዙ፤ ጓሮ ውስጥ ይጠቅማል።

በአንድ ልምምድ አንድ ነገር ብቻ አርሙ። ክርን፣ ዳሌ፣ ራስ፣ እግር ብላችሁ ከደረደራችሁላት ባቱን ይዛ ትገተራለች። በጨዋታ ቀን ደግሞ ያንኑ አንዱንም ተዉት፤ ፒቸሯ የመጀመሪያውን ኳስ አዘውትራ የት እንደምትወረውር ንገሯትና ወደ ፕሌቱ ላኳት።