ነጭ መኪና ላይ የወጡ የዝገት ነጠብጣቦች፦ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ነጭ ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። ማታ የማቆመው የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ቤት አጠገብ ነው። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ በሳሙና ቢታጠቡም አይለቁም። ቀለም ቀቢ «ዝጓል፣ ሙሉ ቀለም ያስፈልገዋል» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዝገቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ። ከመኪናው አካል የሚነሣ ዝገት ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል፤ ወይም ጠጠር መትቶ ቀለሙን ከላጠበት ቦታ ይጀምራል። የእርስዎ ኮፈንና ጣሪያ ላይ ተበትኖ መታየቱ ከላይ መውረዱን ያመለክታል። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ የሚረጨው ፍንጣሪ የጋለ ብረት ስለሆነ፣ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ የላይኛውን ግልጽ ሽፋን አቃጥሎ ይሰካል። ከዚያ ዝናብና ጤዛ ሲያገኘው ራሱ ፍንጣሪው ይዝጋል። ከፍሬን የሚወጣው ብናኝም ይህንኑ ያደርጋል፤ እሱ ግን ይበልጥ የሚበረታው ቸርኬና የበሮቹ የታችኛው ክፍል ላይ ነው።

መኪናውን አሳጥበው እጅዎን በስስ ፌስታል ሸፍነው ኮፈኑን ይዳብሱት። ባዶ ጣት የማይለየው ሻካራነት በፌስታል ይታወቃል።

ማስወገጃው «አይረን ሪሙቨር» ተብሎ ይሸጣል። ሲገዙ ታዮግላይኮሌት ያለበት መሆኑን ከጠርሙሱ ላይ ያንብቡ። ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ውኃ የሚያጥበው ሐምራዊ ውሁድ የሚፈጥረው እሱ ነው። ፀጉር በፐርም የሚጠቀለልበት ፈሳሽም የሚሠራው ከዚሁ ዘር ነው፤ ሽታው ስለሚከብድ ጓንት አድርገው አየር በሚገባበት ቦታ ይሥሩ።

ሞተሩም ኮፈኑም ቀዝቃዛ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ በፍጹም አይሞክሩት። ረጭተው መመሪያው የሚለውን ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ይጠብቁ። ፈሳሹ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ያጥቡት፤ ከደረቀ እድፉ ሌላ ሥራ ይሆንብዎታል። ነጭ መኪና ላይ ሐምራዊው ቀለም እንደ እንባ ሲወርድ ያያሉ። የተሰካው ብዙ ከሆነ ድጋሚ ይርጩ። ከዚያም የቀረ ካለ ክሌይ ባር በተባለው፣ ቀለም ላይ የተሰካ ቆሻሻ በሚለቅም ሊጥ መሰል ነገር፣ በሳሙና ውኃ እያራሱ ሳይጫኑ ያሹት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ ኬሚካሉ ሳያላላው በክሌይ የተነቀለ ብረት ቀለሙን እየጫረ ይሄዳል። ክሌዩ መሬት ከወደቀ ይጣሉት።

ምላጭ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የመጸዳጃ ቤት አሲድ መኪናዎ አጠገብ እንዳይደርሱ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ቀለሙን ጭሮ የራሱን ብረት ትቶ ይሄዳል። የሚፈገፍጉት ግልጽ ሽፋን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ50 ማይክሮን አይበልጥም፤ ከጠጉር ይቀጥናል።

ብረቱ ሲወጣ ትንንሽ ጉድጓዶች ሊቀሩ ይችላሉ። ቀለል ያለ ፖሊሽ መልካቸውን ያለዝባል፤ ጥልቆቹን ግን እስኪጠፉ ድረስ አያሳድዷቸው። ከዚያ ሰም ይቀቡ፤ ማጽጃው የነበረውን ሰም ሊያነሣው ይችላልና። ማቆሚያውን መቀየር ካልቻሉ መኪናውን ያልብሱት፤ ግን ልብሱ በንጹሕ ቀለም ላይ ብቻ ይጣል፣ አቧራ ላይ ከተጎተተ ይጭራል። ለፍንጣሪ ተብሎ ያልተሠራ ልብስ ደግሞ ሊበሳ ስለሚችል፣ ባለሙያዎቹ ሲቆርጡ ወደ መንገዱ በኩል ቆርቆሮ እንዲጋርዱ በትሕትና ይጠይቋቸው።

ይህን ሁሉ አድርገው ያበጠ ወይም ከሥሩ ዝገት የሚታይበት ቦታ ካገኙ ለቀቢው ያሳዩት፤ እንዲቀባልዎት የሚያዙት ግን ያንን ቦታ ብቻ ነው።