አናቶሚን ከበግ ልብ ጀምሪ

እህቴ፣ «አጥንቶቹን ከራስ ቅል ጀምሬ ሸመደድኩ፤ ደረት ላይ ስደርስ የራስ ቅሉ ጠፋብኝ፤ እናንተ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን እንዴት አጠናችሁት?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። ነርስ ነኝ። አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ለዓመታት አስጠንቻለሁ። አጥንት ላይ ተንገዳግዶ የቀረ ብዙ አይቻለሁ።

የእኔ ምክር የአካሉን ቅርጽ (አናቶሚውን) ከሥራው (ከፊዚዮሎጂው) አትነጥዪው ነው። ሥራውን ሳታውቂ የያዝሽው ስም ፈተና ድረስ ቢያደርስሽ ነው፤ ከዚያ ይተናል። ለዚህ ደግሞ ከልብ የተሻለ መነሻ የለም።

ለበዓል ቤት በግ ሲታረድ፣ ከጥብሱ ጋር ከመከተፉ በፊት ልቡን ለምነሽ አስቀሪ። ካልሆነ ሥጋ ቤት የበሬ ልብ ጠይቂ። እንደ ሰው ልብ ሁሉ አራት ክፍል አለው። ጓንት አድርጊና ሁለቱን ጎኖች ጫን ጫን አድርጊ። አንዱ ላላ ይላል፣ ሌላው ጠንካራ ነው። ጠንካራው ግራው ነው።

አሁን ቅደጂው። የግራው ግድግዳ ከቀኙ በጣም ይወፍራል፤ በሰው ልብ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ለምን? ቀኙ ደም የሚገፋው አጠገቡ ወዳሉት ሳንባዎች ነው። ግራው ግን እስከ አንጎል፣ እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። የበሽተኛ የደም ግፊት ለክተሽ የላይኛውን ቁጥር 120 ስታገኚ የግራውን ጉልበት እያነበብሽ ነው። የቀኙ ሲጨመቅ 25 ገደማ ብቻ ነው።

ውስጡን ስታዪ ነጫጭ ክሮች አሉ። ቫልቩን፣ ማለትም ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን በር፣ ከልቡ ጡንቻ ጋር ያያይዙታል። ልቡ ሲጨመቅ ቫልቩ ወደ ላይ እንዳይገለበጥ እንደ ድንኳን ገመድ ወጥረው ይይዙታል። በጣትሽ ሳብ አድርጊያቸው፣ ቀጭን ናቸው ግን በዋዛ አይበጠሱም። ኮርዴ ቴንዲኒ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ይሄን በእጁ የነካ ተማሪ ስሙን ሲረሳ አላየሁም።

በነገራችን ላይ፣ «ደም ቅዳ ኦክስጅን ያለው ደም ይሸከማል፣ ደም መልስ የሌለውን» የሚል ነገር ይዘሽ ከሆነ ጣዪው። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚጥለው ይሄ ነው። ዋናው አቅጣጫው ነው። ከልብ የሚወጣ ሁሉ ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመለስ ሁሉ ደም መልስ። ከቀኙ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ነው፣ የያዘው ግን ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ነው። ሥዕል ላይ ግራና ቀኝ ከተምታታብሽ ደግሞ በሽተኛው ፊት ለፊትሽ ቆሟል በዪ፤ የእሱ ቀኝ ባንቺ ግራ ነው።

አጥንቱስ? ከ206ቱ 106ቱ ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ጫፍ ያሉት ናቸው። እነሱን ለኋላ አቆዪያቸው። ትልልቆቹን በራስሽ ገላ ላይ ዳብሺ። ክርንሽ ጫፍ ላይ ያለው ጉጥ ዩልና የሚባለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ሌላው የክንድ አጥንት ሬዲየስ ነው፣ የልብ ምት የምትቆጥሪውም እሱን ተደግፈሽ ነው። መዳፍሽን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አዙሪ። ሬዲየሱ ዩልናው ላይ ሲሻገር በሌላኛው እጅሽ ይሰማሻል።

ኩላሊት ላይ ስትደርሺ እዚሁ ጻፊ። እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፣ በደንብ እናወራበታለን።