አዲሱ ካቴና ለምን ዘለለ?

«ጋሼ፣ የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ሥራዬ ለገሃር። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን ሳይክል ገዛሁ፤ ፊት 3፣ ኋላ 7 ማርሽ። ባለፈው ሳምንት ካቴናውን በአዲስ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ ቸርችልን ስወጣ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ፣ 4ኛና 5ኛ ላይ ቀጭ እያለ ይዘላል። አንድ ቀን ጉልበቴን ከመሪው አጋጨኝ። 1ኛ ላይ ግን አይዘልም። ሳይክሉን የሸጠልኝ ልጅ ‹ኋላ ያለው ማርሽ መቀየሪያ ሞቷል› ይለኛል። እሁድ እሁድ አብረውኝ የሚነዱት ደግሞ ማኪያቶ ላይ አዲስ የገዙትን ሲያሳዩ ነው የሚውሉት። አንዱ ትልቁ ጥርሱ 40 የሆነ ባለ 9 ካሴት አስገብቶ እንጦጦን እያወራ ወጣ። እኔም ቀንቼ ያንኑ ካሴት ገዛሁ፤ ገና ከካርቶኑ አላወጣሁትም። ምን ላድርግ?»

ከካርቶኑ ሳታወጣው ስለጻፍክልኝ ተባረክ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እቃውን በግራሶ ለውሶ፣ ላስቲኩን ቀዶ ጥሎ ነው «አልገባ አለኝ» የሚለኝ። ያን ጊዜ የትኛውም ሻጭ አይመልስለትም። አንተ ደረሰኝህን ያዝና ነገውኑ ሂድ፤ ገንዘቡን ባይመልሱልህ እንኳ በሌላ እቃ ይለውጡልህ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ዝላዩ። መቀየሪያህ አልሞተም። ሳይክሉን ሳላይ እንዲህ የምደፍረው መልሱን አንተው ስለጻፍከው ነው፤ 4ኛና 5ኛ ላይ ይዘላል፣ 1ኛ ላይ አይዘልም። መቀየሪያው ቢጣመም ወይም ገመዱ ቢላላ ካቴናው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ወደ ጎረቤት ጥርስ ልውጣ ልውረድ ይላል። ያንተ ግን እዚያው ባለበት ማርሽ ላይ ነው ወደፊት የሚንሸራተተው፤ ያውም ስትረግጠው ብቻ። ይህ የተበላ ጥርስ ምልክት ነው።

ካቴና «ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። የሚበላው በየመገጣጠሚያው ያለው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቀዳዳ ነው። በአዲስ ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሲበላ ይህች ርቀት በጥቂቱ ትሰፋለች፤ ጥርሶቹም ከሰፋው ካቴና ጋር አብረው እየተበሉ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ልክ የቆየ ጫማ የባለቤቱን እግር እንደሚመስል ማለት ነው። አንተ አሁን በዚያ ጫማ የሌላ ሰው እግር አስገባህበት። አዲሱ ካቴና ልኩ ትክክል ነው፤ ጥርሱ ግን ተስተካክሎ አይቀበለውም። ስለዚህ ጫናው ሁሉ አንድ ሁለት ጥርስ ላይ ያርፍና፣ ዳገት ላይ ስትረግጥ ካቴናው በጥርሱ ጫፍ ላይ ወጥቶ ያልፋል። 4ኛና 5ኛ በየቀኑ የምትነዳባቸው ናቸው። 1ኛን የምትነካው እንጦጦ ስትወጣ ብቻ ስለሆነ ጥርሱ ገና ጤነኛ ነው።

የድሮውን ካቴና ካልጣልከው አውጣና ለካው። የተማሪ ማስመሪያ አይበቃህም፤ 30 ሴንቲ ላይ ያልቃል፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። የአናጢ ሜትር ይዘህ ካቴናውን ወጥር፤ ከአንድ ፒን መሀል ጀምረህ 24 ክፍተት ቁጠርና እስከ መጨረሻው ፒን መሀል ለካ። አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 307 ከደረሰ በባለ 7 ማርሽ ካቴናው የሚለወጥበት ጊዜ ነው። 308 አልፎ ካገኘኸው ጥርሶቹን ይዟቸው ሄዷል፤ ያኔ ካቴና ብቻ መቀየር ያንተን ዓይነት ችግር ያመጣል። ጥርሱን በዓይን አይቶ መፍረድ አልወድም። የፋብሪካው ጥርስ ራሱ ማርሽ እንዲቀየርለት ተብሎ አንዳንዱ አጠር፣ አንዳንዱ ዘመም ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ስንቱ አዲሱን እቃ «ይኸው ተበልቷል» ብሎ አምጥቶብኛል።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ። ካቴናውን ያጋጠመልህ ሰው ፒኑን አጥብቆ ጨምቆት አንዷ መገጣጠሚያ ደርቃ ሊሆን ይችላል። ሳይክሉን ገልብጠው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ ብለህ አዙር፣ ዓይንህን መቀየሪያው ላይ ካለችው የታችኛዋ ትንሽ ጎማ (ሳይክሉ ሲገለበጥ ወደ ላይ የምትሆነው) ላይ ተክል። የደረቀችው መገጣጠሚያ እዚያ ስትደርስ ሳትታጠፍ ትዘላለች። ካቴናህ ወደ 110 መገጣጠሚያ አለው፣ የፊት መካከለኛው ማርሽህ 34 ጥርስ ካለው ደግሞ ያቺ መገጣጠሚያ የምትመለሰው ፔዳሉ ከ3 ዙር ትንሽ አለፍ ሲል ነው። ዝላዩ እንዲህ ተቆጥሮ የሚመጣ ከሆነ፣ ያውም በሁሉም ማርሽ ላይ፣ መድኃኒቱ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ጎን ለቀቅ ለቀቅ ማድረግ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣህም። ያንተ ይህ አይመስለኝም፤ ግን እየው።

አሁን ወደ ካርቶኑ። የኋላ ጥርስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ላይ እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚገባ ፍሪዊል ነው፤ ወደ ኋላ የሚያንቀጫቅጨው ነገር ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ይመጣል። ሌላው ሞዞው ራሱ የሚንቀጫቀጭ ሆኖ ጥርሶቹ ብቻ በላዩ ተንሸራተው የሚገቡበት ካሴት ነው። ለመለየት የኋላውን ጎማ ፍታ፣ ጥርሶቹን ወደ ኋላ አዙር፣ መፍቻ የሚገባበትን መሀሉን ተመልከት። ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ጥርሶቹ ዞረው እሱ ከቆመ ፍሪዊል ነው። ያንተ ዓይነት ባለ 7 ያገለገለ ሳይክል ከሆነ እኔ ፍሪዊል ነው ብዬ ነው የምጠብቀው። እንግዲህ ያ ካሴት አንተ ጎማ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ቢኖረውም እጀታህ ላይ ያለው ማርሽ 7 ጊዜ ነው የሚቆጥረው፤ የባለ 9ኙ ጥርሶች ደግሞ ይበልጥ የተቀራረቡ ናቸው። ካቴናውም ይለያል፤ ያንተ ከውጭ ወደ ውጭ 7.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ የባለ 9ኙ 6.6። ለ34 ጥርስ የተሠራ መቀየሪያም ወደ 40 አይደርስም። ጓደኛህ ካሴት ገዛሁ ብሎ ያሳየህ እንጂ ከሥሩ ጎማ፣ መቀየሪያ፣ የእጅ ማርሽና ካቴና ቀይሯል፤ ማኪያቶ ላይ የማይወራው እሱ ነው።

የምትገዛው ባለ 7 ፍሪዊል ነው፤ ከ14 እስከ 34 ያለውን ፈልግ፤ ቁጥሩ በየማርሹ ያለው የጥርስ ብዛት ነው። የተለመደው 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24፣ 28 ነው፤ ይኸኛው ደግሞ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24፣ 34። አየህ፣ ልዩነቱ አንድ ማርሽ ላይ ብቻ ነው። ለገሃር ስትመላለስ የለመድካቸው ስድስቱ እንዳሉ ናቸው፤ የመጨረሻው ግን እውነተኛ የዳገት ማርሽ ይሆንልሃል። ከ24 ወደ 34 ሲገባ ኳ ብሎ ነው የሚገባው፣ አትደንግጥ። የፊት ትንሹ ጥርስህ 24 ነው ብለን እናስላው። በ28 ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስታዞር ሳይክሉ ወደ 1.78 ሜትር ይሄዳል፤ በ34 ደግሞ 1.46። በደቂቃ 60 ዙር ብትረግጥ በሰዓት ከ6.4 ወደ 5.3 ኪሎ ሜትር ወረድክ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ አየሩም እየሳሳ፣ ከባሕር ጠለል ወደ 3,000 ሜትር ስትጠጋ ይህች ልዩነት ወርዶ በመግፋትና ተቀምጦ በመውጣት መካከል ያለችው ናት። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ከነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲህ የእሽቅድምድም እቃ አምጣልኝ የሚለኝ ልጅ በዝቷል። የእሽቅድምድም ጥርስ የተሠራው ለእሱ እግር ነው። ለእኔና ለአንተ 34 ነውር የለውም።

ከመግዛትህ በፊት መቀየሪያው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሞዴል አንብብ። ቱርኒ ቲዋይ 300 ከሆነ 34 ይችላል። ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች የተያዙበት ክንፍ አጭር ከሆነ ግን ፎቶ አንስተህ መጀመሪያ ላክልኝ።

ጠንቀቅ የምትልበት የካቴናው ርዝመት ነው። አዲሱን ካቴና የቆረጡልህ በድሮው ልክ፣ ለ28 ጥርስ ነው። 34 ሲገባ ሊያጥር ይችላል። አጭር ካቴና ፊት ትልቁ፣ ኋላ ትልቁ ላይ በስህተት ብታስገባው መቀየሪያውን ይገነጥለዋል፤ አንዳንዴ የታሰረበትን ጆሮም ይዞ ይሄዳል። ልኩ እንዲህ ነው፦ ካቴናውን በመቀየሪያው ውስጥ ሳታሳልፍ በፊት ትልቁና በኋላ ትልቁ ላይ ብቻ ጠምጥመው፤ ጫፍና ጫፉ ከሚገናኝበት ላይ ሁለት መገጣጠሚያ ጨምርበት። ካነሰ የተረፈህን ቁራጭ ቀጥልበት። ቁራጩን ጥለኸው ከሆነ... እንግዲህ ምን እላለሁ።

አሮጌውን ፍሪዊል ማውጣት ጉልበት ይፈልጋል። በረገጥክ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ነው የኖረው፤ ቸርችል ዓመት ተኩል ሙሉ አጥብቆልሃል። ትክክለኛውን ባለ ጥርስ ማውጫ አስገባ፣ በጎማው አክሰል ዳዶ ረገብ አድርገህ እንዳይንሸራተት ያዘው፣ ማውጫውን ሞርሳ ላይ እሰርና ጎማውን እንደ መኪና መሪ በሁለት እጅህ ወደ ግራ አዙረው። አንዴ እሺ ካለ ዳዶውን አላላ፤ አለዚያ ማውጫውን ትሰብረዋለህ። በመሮና በመዶሻ ተቀጥቅጦ የመጣ ሞዞ አይቻለሁ፤ ሰውዬው ማውጫ ለመግዛት ሰስቶ ሙሉ ጎማ ገዛ። ሞርሳ ከሌለህ አንዱ ቶርኖ ቤት ጎራ በል፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አዲሱን ስታስገባ ጥምዝማዙን ግራሶ ቀባው፤ በእጅህ ጀምር፣ ጠማማ ከገባ ሞዞው ሄደ። ካስገባህ በኋላ ማጥበቅ አያስፈልግህም፣ የመጀመሪያው ዳገት ያጠብቅልሃል።

አሁን ገንዘቡ ባይኖርህስ? የድሮውን ካቴና አጥበህ መልሰው። አይዘልም። የተበላ ከተበላ ጋር ይስማማል፤ ጥቂት ወር ያስኬድሃል፤ የፊቱን ጥርስ ግን እየበላብህ መሆኑን እወቅ። አዲሱን ካቴና ዘይት ነክረህ በላስቲክ አስቀምጠው።

ከካሴቱ ልውውጥ ለሚተርፍህ ገንዘብ ደግሞ ሳትጠይቀኝ ልምከርህ፤ የፍሬን ጎማ ግዛበት። እንጦጦ መውጫ ብቻ ሳይሆን መውረጃም አለው። የፍሬን ጎማው ላይ ያለችው ሽንትር ከጠፋች አልቋል። ክረምት ላይ ጭቃውና አሸዋው እዚያ ይሰካና ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ስትወርድ የመፋቅ ድምፅ ከሰማህ አውጥተህ በመርፌ ልቀመው። ንፋስ ጎሚስታ ጋ ስታስሞላ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለልጁ ንገረው፤ የመኪና መጭመቂያ ትንሿን ጎማ በሰከንድ ነው የሚያፈነዳት።

ካቴናውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ አድርቀው፣ ቀጭን ዘይት አንድ አንድ ጠብታ በየመገጣጠሚያው ጣል፣ ከላይ ያለውን በጨርቅ ጥረገው። ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምነህ እንዳትቀባው፤ ብናኝ ብረቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

አዲሱ ፍሪዊል ገብቶም 4ኛ ላይ ከዘለለብህ፣ የፊቱን ማርሽ ከመካከለኛው ወደ ትልቁ ቀይረህ ያንኑ ዳገት ሞክር። እዚያ ካልዘለለ የተበላው የፊት መካከለኛው ጥርስህ ነው፤ በስንት ብሎን እንደታሰረ ቆጥረህ ጻፍልኝ።