ጠዋት ሲነሳ የሚንኳኳ የመኪና ሞተር ካቴና

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በ2004 ሞዴል ቪትዝ ነው የምሠራው፤ ሞተሩ 1.3 ነው። ጠዋት ሳስነሳው ሁለት ሦስት ሰከንድ «ክርርር» ይልና ዝም ይላል። መካኒኬ «የሞተሩ ካቴና (ሰንሰለቱ) ረዝሟል፣ ሞተሩ ይፈታ» አለኝ። ገንዘቡ ከብዶኛል። ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቻላል። ለመፍታት አትቸኩል፤ ድምፁን ግን እንዳትለምደው።

ያንተ ሞተር 2ኤንዜድ የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ቺንጋ ሳይሆን ካቴና አለው። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ተመልሶ እስኪደርስ ካቴናው ላላ ብሎ ይንኳኳል። ስለዚህ ከዘይቱ ጀምር። ጎድሏል? ከተቀየረ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? የዘይት ፊልትሮውስ (ማጣሪያው)? ርካሽ ፊልትሮ ውስጥ ዘይት እንዳይመለስ የሚያግደው ጎማ ደካማ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል። አምና አንድ የታክሲ ሹፌር ልክ እንዳንተ ተጨንቆ መጥቶ፣ በአዲስ ዘይትና በጥሩ ፊልትሮ ብቻ ድምፁ ጠፍቶለታል።

አሮጌውን ዘይት በንጹህ ሳህን ተቀበለው። የፕላስቲክ ስብርባሪ ካየህበት የካቴናው ጋይድ (ካቴናውን የሚመራው ፕላስቲክ) እየተበላ ነው። ያኔ ክርክር የለም፣ ይፈታል።

ሳህኑ ንጹህ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ፣ የላይኛውን የቫልቭ ክዳን ብቻ አስከፍት። ሞተሩ በመፍቻ ቁልፍ፣ በእጅ ይዙር፤ ወደ መደበኛ ዙሩ ብቻ። ወደ ኋላ ከተመለሰ ካቴናው ይላላና ያሳስታችኋል። የታችኛው ፑሌጃ (መዘውር) ጭረት 0 ላይ ሲቆም የሁለቱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) ማርሾች ምልክት ወደ ላይ ማየት አለበት። ወደ ታች ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ከዚያም በኋላ ዘመም ካለ ካቴናው ረዝሟል ወይም ጥርስ ዘሏል። በስካነር ፒ0016 (የላይኛውና የታችኛው ዘንግ ዙር አለመገጣጠም) ኮድ ከወጣም ጥርጣሬው ይጠነክራል። የቪቪቲ ማርሹም (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው) ሲያረጅ ጠዋት ላይ እንዲሁ ይጮኻል፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ እሱንም እዩት።

ከተፈታ ደግሞ ካቴና፣ ቴንሽነርና ጋይድ አብረው ይቀየሩ። አንድ ጊዜ ደንበኛዬ ገንዘብ ስላጠረው አሮጌውን ቴንሽነር መልሼ ገጠምኩለት። በሁለት ወሩ ያንኑ ድምፅ ይዞ መጣ። የእጅ ዋጋ አላስከፈልኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ሞተሩ ሞቆም ከተንኳኳ ግን አትንዳው። ካቴናው ከዘለለ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል፣ ቴስታታም (የሞተሩ ራስ) ለጥገና ይወርዳል። እስከ ጋራዥ ተጎትቶ ይሂድ።