ሁሉም ይመዘገባል፣ ተመርጦ ይጠቀሳል

ጥያቄ፦ የዶክትሬት ጥናቴን መረጃ የተነተንሁት በአር (R) የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በቀጥታ የተጠቀምሁባቸው ፓኬጆች (በቋንቋው ላይ የሚጨመሩ ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ጥቂት ቢሆኑም እነርሱ በተራቸው የሚፈልጓቸው ሌሎች ፓኬጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ሁሉንም በዋቢ ዝርዝሬ ላስገባ ወይስ «ትንተናው በአር ተሠርቷል» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ ሁለቱንም አልመክርም። መመዝገብና መጥቀስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ውጤት ደግሞ እንዲያገኝ ያስችላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ለሠሪዎቹ ዕውቅና ይሰጣል።

ምዝገባው አንድም ሳይቀር ሁሉን መያዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አር 3.6.0 ናሙና በዕጣ የሚያወጣበትን ስልት ስለቀየረ፣ ያው ኮድ ያው መነሻ ቁጥር (የዕጣውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ቁጥር) ተሰጥቶትም ከቀድሞዎቹ ስሪቶች የተለየ ናሙና ሊያወጣ ይችላል፤ ኮዱን ብቻ ያገኘ አንባቢም የልዩነቱን ምንጭ በከንቱ ሲፈልግ ይውላል። ዝርዝሩን በእጅ አይጻፉት፤ ሰው የሚጽፈው ያስታወሰውን ብቻ ነው። ሪኤንቭ የተባለው ፓኬጅ የአርን ስሪትና ፕሮጀክቱ የሚጠቀምባቸውን ፓኬጆች ከነስሪታቸው በአንድ ፋይል ይመዘግባል፤ ይህን ፋይል ከኮዱ ጋር አብረው ያስቀምጡ። በፓይተን ለሚሠሩ አንባቢዎቻችን፣ «ፒፕ ፍሪዝ» የተባለው ትእዛዝ የተጫኑትን ፓኬጆች ቢዘረዝርም የፓይተንን የራሱን ስሪት ስለማይጽፍ፣ እርሱንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጨመር ያስፈልጋል።

ጥቅሱ ግን ምርጫ ይጠይቃል። እኔ የምለካው ፓኬጁ በሌላ ቢተካ ውጤቱ ወይም ትርጓሜው ሊለወጥ ይችል እንደሆነ በመጠየቅ ነው፤ ሞዴሉን ያሰላው ፓኬጅ ይጠቀሳል፣ የሠንጠረዡን መስመር ያሳመረው ግን በምዝገባው መገኘቱ ይበቃዋል። በአር ውስጥ «ሳይቴሽን» የሚለው ትእዛዝ ሠሪዎቹ እንዴት እንዲጠቀሱ እንደሚፈልጉ ያሳያል። ብዙዎቹ ስለ ፓኬጁ ያሳተሙት ጽሑፍ እንዲጠቀስ ይጠይቃሉ፤ ጽሑፉ ግን የትኛውን ስሪት እንደተጠቀሙ ስለማይናገር ሶፍትዌሩንም ከነስሪቱ ይጥቀሱ። ስለ ምርምር ኅትመት የሚሠራው ፎርስ11 የተባለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣቸው የሶፍትዌር ጥቅስ መርሆዎችም ጥቅሱ ጥቅም ላይ የዋለውን ስሪት ለይቶ እንዲያመለክት ይጠይቃሉ።

የራስዎን ኮድ በተመለከተ፣ ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ያለ ማከማቻ በማንኛውም ጊዜ ሊሰረዝ ስለሚችል አድራሻውን ብቻ መስጠት አስተማማኝ አይደለም። ኮዱን ከምዝገባው ፋይል ጋር የምርምር ሥራዎች በሚቀመጡበት ድረ ገጽ በዜኖዶ ቢያስቀምጡ ዲኦአይ (ቋሚ ዲጂታል መለያ) ያገኛሉ። ዜኖዶ አንዱን ዲኦአይ ለስሪቱ፣ ሌላውን ለስሪቶቹ ሁሉ በጋራ ስለሚሰጥ፣ በጥናትዎ የሚጽፉት የስሪቱን ይሁን።