ድምፅ የሌለው የድምፅ መጽሐፍ

ጥያቄ፦ ውድ መምህርት፣ ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ሰዋስዌ ደህና ነው ይሉኛል። እንግዶቼ ግን «ምን አልክ?» ማለት ያበዛሉ። ባለፈው አንዲት ጀርመናዊት ከተማዋ መቼ እንደተቆረቆረች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማስታወሻዋን ባየው ሌላ ዓመት ጽፋለች። ከዚያ ወዲህ አነጋገሬን ላስተካክል ተነስቻለሁ። ከቴሌግራም የፒተር ሮችን የፎነቲክስ መጽሐፍ፣ «ሺፕ ኦር ሺፕ» የሚባለውን፣ አንድ ትልቅ የድምፅ ምልክቶች ሰንጠረዥም አውርጃለሁ። ከመንገድ ደግሞ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ ትንሽ መጽሐፍ ገዛሁ። ከየቱ ልጀምር? የእንግሊዝ ይሻላል የአሜሪካ? ኢንተርኔት በካርድ ነው የምጠቀመው፣ እሱንም ያስቡልኝ። እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እሺ ልጄ። መጀመሪያ የሮችን መጽሐፍ አስቀምጠው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ መምህራን ሳሠለጥን ለዓመታት ያስተማርኩበት ነው። በ1983 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ) ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም የታሰበው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር አሳምሮ ያስረዳሃል። አንተ ግን የቸገረህ ማብራሪያ ሳይሆን ምላስ ነው። አንድ ቀን ማስተርስ ስትማር ታወጣዋለህ።

«ሺፕ ኦር ሺፕ»ን ያዝ። ርዕሱን በእኛ ፊደል ስንጽፈው እንኳ ጉዱ ታየ፦ አንዱ መርከብ ነው፣ ሌላው በግ። አን ቤከር በ1977 ያወጣችው የልምምድ መጽሐፍ ነው። በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ቃላትን ጥንድ ጥንድ እያደረገ ያለማምዳል። ለአማርኛ ተናጋሪ ልክ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ግን የድምፅ ቅጂው አለህ? ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው። ድምፅ የሌለው የድምፅ መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል? በራስህ አማርኛ እያነበብክ ስህተትህን ታጠነክራለህ እንጂ አትታረምም። ስለዚህ ከነድምፁ ያለው ሰው ፈልግ፣ ከቤተ መጻሕፍትም ጠይቅ። ካጣህ ፒዲኤፉን አጥፋውና የስልክህ ሚሞሪ ይረፍ።

የመንገዱ መጽሐፍስ? ትርጉም ፈልግበት። አነባበቡን ግን በእስክሪብቶ ሰርዘው። እንግሊዝኛ ሁለት «ኢ» አለው፤ አንዱ አጭርና የላላ፣ ሌላው የሚሳብ። እኛ አንድ ሣልስ ብቻ ስላለን ሁለቱንም እዚያው እንጨምራቸዋለን። ደግሞ እነዚህ መጻሕፍት አንዳንዴ የተጻፈውን ፊደል እንዳለ ነው የሚገለብጡት። «ካስትል» ብሎህ ከሆነ አትመነው። ቲዋ አትነበብም፣ «ካስል» ነው። ለጎንደር አስጎብኚ ይህ የእንጀራ ቃል ነው!

ዋናው መሣሪያህ መዝገበ ቃላት ነው። የኦክስፎርድ ወይም የካምብሪጅ፣ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀው። ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ሁለት የድምፅ ማጉያ ምስሎች አሉ፤ አንዱ በእንግሊዝ፣ ሌላው በአሜሪካ አነጋገር ያሰማሃል። አንድ ቃል መስማት እንደ ቪዲዮ ካርድ አይበላም። የሌላ ሰው የቃላት ዝርዝር አትበደር። ጠዋት ከእንግዳ ጋር ስትዞር የምትላቸውን ቃላት ጻፍ፦ ቤተ መንግሥት፣ ንጉሥ፣ ጣሪያ፣ መልአክ፣ ገዳም፣ ክፍለ ዘመን። እነሱን አንድ በአንድ ስማ። ከአንዱ ክፍለ ቃል ፊት ከላይ የተሰቀለች አጭር ቀጥ ያለች መስመር ታያለህ። ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። «ፓላስ»ም «ኤምፐረር»ም መጀመሪያቸው ላይ ነው የሚከብዱት። እኛ ክፍለ ቃሉን ሁሉ እኩል እናከብራለን። እንግሊዝኛ ግን ያዳላል። አንዱን ያነሣል፣ ሌላውን ይውጠዋል። እንግዶችህን የሚያደናግረው ከሁሉ በላይ ይህ ይመስለኛል።

የጀርመናዊቷን ዓመት እንየው። ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆሩት እንደ ፈረንጆቹ በ1636 ነው። በእንግሊዝኛ «ዐሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ስድስት» ብለህ ነው የምታነበው። ሠላሳን ስትል ክብደቱን መጀመሪያው ላይ ጣል፤ መጨረሻውን አሳጥረህ ልቀቀው። መጨረሻውን ከሳብከው ዐሥራ ሦስት ይመስላል። ዐሥራ ስድስት («ሲክስቲን») ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ «ን» በደንብ ትሰማ። እሷ ከተዋጠች ስልሳ («ሲክስቲ») ሆነ። ለጥንቃቄ ቁጥሩን ጽፈህ ብታሳያቸውም ነውር የለውም፤ እኔ አንተን ብሆን አደርገዋለሁ።

ስለ ትልቁ ሰንጠረዥ። ያዘጋጀው በ1886 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፎነቲክስ ማኅበር ነው። ለዓለም ቋንቋ ሁሉ የታሰበ ስለሆነ ግማሹን አትፈልገውም። ለእንግሊዝ አነጋገር አርባ አራት ያህል ምልክት ይበቃል፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የምታውቃቸው የላቲን ፊደላት ናቸው። ሁለት ወጥመድ ብቻ ልንገርህ። የ«ጄ» ፊደል በዚህ ሥርዓት «ይ» ተብላ ነው የምትነበበው፣ «ጅ» አይደለችም። ሁለተኛዋ የተገለበጠችው የላቲን «ኢ» ናት። ያ የሚዋጠው ደካማ አናባቢ እሷ ናት፣ በእንግሊዝኛም እንደሷ የሚደጋገም አናባቢ የለም። የዎልፍ ሌስላውን የአማርኛ ሰዋስው ያየህ እንደሆነ ግን ያችው ምልክት እዚያ «እ»ን ነው የምትወክለው። ሁለቱን አትቀላቅል።

የእንግሊዝ ወይስ የአሜሪካ? ጆሮህ የለመደውን ያዝ። እንግዶችህ እኮ ጀርመን ናቸው፣ ጣሊያን ናቸው፣ ቻይና ናቸው። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባለች ምሁር በ2000 ባሳተመችው ሥራ ያየችው ይህንኑ ነበር፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እርስ በርስ ሲያወሩ የት ላይ ይሳሳታሉ? መግባባትን የሚያሰናክሉት የአናባቢ ርዝመት፣ ተደራራቢ ተነባቢዎችና በዓረፍተ ነገር ውስጥ የዋናው ክብደት ቦታ ሆነው አገኘቻቸው። ሁሉም የሚጨነቅበት፣ ምላስን ጥርስ መሀል የሚያስገባው ቲ-ኤች ግን ያን ያህል አላስቸገረም። ስለዚህ እሱ ላይ ወራት አትፍጅ። የፋሲለደስን መታጠቢያ «ፋሲለደስ ባስ» ስትላቸው አውቶቡስ እንዳይጠብቁ ብቻ ተጠንቀቅ።

ሁለት የእኛ ነገሮች አሉ፣ የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግርህም። አንደኛ፣ ድንጋይን «እስቶን» አትበል፤ በ«ስ» ጀምርና ሳታቋርጥ ወደ «ት» ሂድ። ሁለተኛ፣ ድርብ ፊደል ስታይ አታጥብቅ። «ሰመር» (ክረምት) በእንግሊዝኛ ስትጻፍ ሁለት ኤም አላት፣ ስትነገር ግን ላልታ ነው።

ዋይፋይ ያለው ሆቴል ስትገባ የቢቢሲን የእንግሊዝኛ ትምህርት ቪዲዮዎች ክፈት። ስለ ድምፆች የተሠሩት አጫጭር ናቸው፣ የአፍን ቅርጽም ያሳያሉ። ቤትህ ስትገባ የጠዋቱን ገለጻህን በስልክህ ቅዳና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አስተያየው። ስልኩ በድምፅ የሚጽፍ ከሆነም ነጠላ ቃል እየነገርክ ፈትነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትስጠው፣ ከዐውዱ ገምቶ ይጽፍልሃል፤ አንተም ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ አማርኛ ትናገራለች፤ ግን «ጠ»ን «ተ»፣ «ቀ»ን «ከ» ታደርጋለች። ለአያቷ በስልክ «አባቴ መጣ» ልትል «አባቴ መታ» ብላ እናቴን አስደነገጠቻት። የቱን መተግበሪያ ላውርድላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መተግበሪያውን ይተዉት። ፊደል የሚያዘምሩት ፊደሉን በዓይን ያስለያሉ እንጂ ጉሮሮ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አያሳዩም። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» እና «ጸ» የሚወጡት ጉሮሮ ተዘግቶ ነው። መሀል የታፈነችው አየር ትጨመቅና ፈንጠር ትላለች። ልጅዎ መዝጋቱን ታውቀዋለች፤ አሜሪካኖች ነገር ሲበላሽ «አ-ኦ» ሲሉ መሀል ላይ የሚቆረጠው እሱ ነው። ጉሮሮዋን እዚያ ላይ ይዛ «ክ» ትበል። «ቅ» ይመጣል። ከዚያ ስስ ወረቀት ከንፈሯ ፊት ያዙ፦ የእንግሊዝኛው ቲ ያርገበግበዋል፣ «ጠ» ግን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም።

ግን መጀመሪያ መለየቷን ይፈትኑ። «መታ» እና «መጣ»፣ «ከበረ» እና «ቀበረ»፣ «ክር» እና «ቅር»። እርስዎ ይበሉ፣ እሷ የቱን እንዳሉ ትንገርዎ። ጆሮዋ ካልለየ አፏን ማስጨነቅ ከንቱ ነው።

ለእርስዎ ለራስዎ ሁለት ነገር አለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ማሠልጠኛ በ1960ዎቹ ለዲፕሎማቶች ያዘጋጀው የአማርኛ ኮርስ ከነድምፁ በነፃ ይገኛል። ንግግሩ ያረጀ ነው፣ ድግግሞሹ ግን ይጠቅማል። ከላይ የጠቀስኩት የፎነቲክስ ማኅበርም በ1999 ባወጣው መመሪያ ውስጥ አማርኛ አንድ ምዕራፍ አለው፤ የሰሜን ነፋስንና የፀሐይን ተረት በአማርኛ ከማኅበሩ ድረ ገጽ መስማት ይቻላል። ለልጅዎ ግን ከሁሉም የሚሻሉት አያቷ ናቸው። አጭር ተረት በድምፅ መልእክት እየቀዱ ይላኩላት፣ እሷም ደግማ ትላክላቸው።

የማንበቢያ መጽሐፍ ሲገዙ አንድ ሰው አብሯት ድምፅ አውጥቶ ያንብብ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «አለ»ን ብቻዋን አይታ የቱ እንደሆነ አታውቅም።

«ጰ» ትቆይ። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጠረጴዛ እያልን ብንቆጥር ብዙ ቃል የላትም። «ኢትዮጵያ» ውስጥ አለች፣ እውነት ነው፤ እሷንም ቢሆን ስንት ትልልቅ ሰው በ«ፕ» ይላታል።